የዓባይ የቆዩ የቶፖግራፊ ካርታዎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ለምን አይገጥሙም?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር) ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ከጨረጨራ ተነሥቶ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ በኩል እስከ ሰባራ ድልድይ የሚሄድበትን መንገድ በቆዩ ካርታዎች ላይ እየተከታተልኩ ለአካባቢ ታሪክ የሚሆን ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። እስካሁን የሦስት ዓይነት ካርታ ቅጂ አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ያሳተመው ባለ 1:50,000 መስፈርት ካርታ ነው። ሁለተኛው በወረራው ዘመን ፍሎረንስ የሚገኘው የጣሊያን ወታደራዊ ጂኦግራፊ ተቋም ያዘጋጀው ባለ 1:400,000 ሲሆን፣ ሦስተኛው የሶቪየት ጦር ጠቅላይ ኤታማዦር ባለ 1:200,000 ካርታ ነው።

ችግሬ የሚጀምረው እነዚህን ካርታዎች በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ሳስቀምጥ ነው። የ1:50,000ውን ሺት (የካርታ ቅጠል) ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍቼ፣ በላዩ የታተሙትን የግሪድ ቁጥሮች እንዳሉ ሳስገባ፣ ካርታው በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸርተት ይላል። ከፏፏቴው በታች ባለው ገደል ወንዙን የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር ውሃው ላይ ማረፉ ቀርቶ የገደሉን ግድግዳ ይዞ ይወጣል፤ በአንዳንድ ቦታም ገደሉን አልፎ እርሻ ላይ ይወድቃል። ጉማራ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በፎገራ በኩል ደግሞ ልዩነቱ ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ግራ፣ ሌላ ቦታ ላይ ወደ ቀኝ ይሸሻል። የሐይቁም ዳርቻ ከሦስቱ ካርታዎች በአንዱም ላይ ከሌላው ጋር አይስማማም።

ስለዚህ ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህን ነው። የቦታውን ልዩነት ወንዙ አልጋውን ለውጦ ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ወይስ የካርታው ጉዳይ ነው? ለሐይቁ ዳርቻስ ከሦስቱ የትኛውን ማመን ይሻላል? ከእነዚህ የሚቀድሙ የአካባቢያችን ካርታዎችና ፎቶግራፎች ካሉም ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጡረተኛው ቀያሽ መለሰ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥንቃቄ ስላቀረቡ መልሱ ከራሱ ከጥያቄው ይወጣል። በገደሉ ውስጥ ልዩነቱ በሁሉም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ብለዋል፤ በፎገራ ግን አቅጣጫው ይለያያል ብለዋል። ሁለቱ ልዩነቶች ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድነት ሊታዩ አይገባም።

የአገራችን ባለ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም የቦታ ልኬት ሁሉ በሚነሣበት የማመሳከሪያ ሥርዓት ነው። ስያሜው በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ ካለ የልኬት ጣቢያ የተወሰደ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ደቡብ የወረደው የትራያንጉሌሽን (በሦስት ማዕዘን የሚካሄድ ልኬት) ሰንሰለት ወደ እኛ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት በተጀመረበት ወቅት ነው። ያንን ጥናት ያካሄደው የአሜሪካ የውሃ ልማት ቢሮ ሪፖርቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የጂኦዴሲ ልኬቱን የሠሩትም አሜሪካውያን ቀያሾች ከእኛ ሰዎች ጋር ሆነው ነበር። አዲንዳን የምድርን ቅርጽ የሚወስደው ክላርክ 1880 ከሚባለው ስፌሮይድ (የምድር ሞላላ ቅርጽ ስሌት) ነው። በስልክዎና በጂፒኤስዎ ያለው ግን ዳብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለው ዳተም ነው። ሁለቱ የምድርን መሀል አንድ ቦታ ላይ አያስቀምጡም፤ የምድርንም መጠን በእኩል አይሰፍሩም።

ይህ በተግባር ምን ያመጣል? በባሕር ዳር አካባቢ በካርታው ላይ የታተመው የአዲንዳን ግሪድ ቁጥር ከዳብሊው ጂ ኤስ 84ቱ በምሥራቅ አቅጣጫ 90 ሜትር ከምናምን፣ በሰሜን አቅጣጫ ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ያንሳል። ቁጥሩን እንዳለ ካስገቡት ካርታው በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ220 ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ከአራት ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነው። በግሪዱ ፈንታ በማዕዘኖቹ ላይ በተጻፈው ኬክሮስና ኬንትሮስ ቢያስሩት (ካርታውን በምድር ላይ ባለው ቦታው ቢያስቀምጡት) ደግሞ ልዩነቱ ወደ 130 ሜትር ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ይደናገራል፤ በአንዱ ዘዴ ሠርቶ የተሻለ ሲገጥምለት ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል፣ ይሁን እንጂ አልተፈታም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሺቱን ሲያስሩ ሥርዓቱን ኢፒኤስጂ 20137 በሚለው የመለያ ቁጥር ይስጡት፤ ይህ በአዲንዳን ላይ ዩቲኤም የሚባለው የሜትር ግሪድ ዞን 37 ማለት ነው። ባሕር ዳርም፣ ጢስ ዓባይም፣ ሰባራ ድልድይም ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ በላይ ስለሆኑ ሁሉም በዚህ ዞን ውስጥ ናቸው። ከዚያ ወደ 32637 (የዳብሊው ጂ ኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37) ሲያዞሩት ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ የመለወጫ ቀመር ያቀርብልዎታል፤ ለሱዳን የተዘጋጀም አለ፣ የጋራ አማካይም አለ፤ እርስዎ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ይምረጡ። አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ምንም ሳይጠይቅ ያለ ቀመር ያሳልፈዋልና ውጤቱን ሳያዩ አይለፉት።

ሲያስሩም በአራቱ ማዕዘን ብቻ አይብቃዎት። በመጋዘን ለብዙ ዓመት ታጥፎ የቆየ ወረቀት በእጥፉ በኩል ይለጠጣል፤ በእርጥበትም ያብጣል። በሺቱ መሀል ያሉትን የግሪድ መገናኛዎችም ይጨምሩ። በስልክ የተነሣ ቅጂ ከሆነ ግን በስካነር ደግመው ቢያስነሡት ይሻላል፤ የሌንስ ጥመትን በኋላ ማረም ያስቸግራል።

ከዚህ በኋላ ማረጋገጫው በገደሉ ውስጥ ነው። ከጢስ ዓባይ በታች ወንዙ ድንጋይ ፈልፍሎ የገባበት ስለሆነ በ60 እና በ70 ዓመት ውስጥ 200 ሜትር ሊዛወር አይችልም። ስለዚህ ካርታዎ በገደሉ ውስጥ ካልገጠመ ጥፋቱ የልኬት ነው፤ በገደሉ ውስጥ ገጥሞ በፎገራ ሜዳ ካልገጠመ ግን ያ ልዩነት የወንዙ ነውና ያለ ስጋት ሊጽፉት ይችላሉ። ከሰባራ ድልድይ የቀሩት የድንጋይ ምሰሶዎችም ጥሩ መመዘኛ ናቸው። አብያተ ክርስቲያናትንም በማመሳከሪያነት ይጠቀሙባቸው፤ ነገር ግን መንገድና ቤተ ክርስቲያን በካርታው ላይ ሲጠጋጉ ሠዓሊው ምልክቱን ገፋ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው፣ በገጠር ብቻውን በደን ተከቦ የቆመው ይመረጣል።

የሺት ቁጥሩን ጉዳይ ልጨምር። የቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ኬክሮስ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ኬንትሮስ ናቸው። የሚፈልጉት የወንዙ ክፍል በሙሉ 1137 በሚል በሚጀምሩት ሺቶች ውስጥ ነው። አንዱ የዲግሪ ካሬ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ በሆኑ 16 ሺቶች ይከፈላል። የርብን ወንዝ አፍ ለማየት ግን 12 ዲግሪን ስለሚሻገር ወደ 1237 መሄድ ይኖርብዎታል።

የጂኦግራፊ መምህርት መለሰች፦

ጋሽ ቀያሽ ስለ ዳተሙ ባሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ ስለ ቀኑ ልናገር። ተማሪዎቼ የጥናት ጽሑፍ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ካርታው የታተመበትን ዓመት ነው። ካርታው የሚያሳየው ግን ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ የግርጌውን ጽሑፍ ሳያነቡ «በዚህ ዓመት ሐይቁ እዚህ ድረስ ነበር» ብሎ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነው። የሚገርመው ደግሞ ስካን የሚያደርጉ ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህንኑ ግርጌ መሆኑ ነው።

ግርጌው የተቆረጠበት ቅጂ በእጅዎ ካለ ካርታው የሚያሳየውን ዘመን ከይዘቱ መገመት ይቻላል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1963፣ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀምረዋል። የጨረጨራው የውሃ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠናቆ ተጨማሪ በሮቹ በ2001 ተሠርተዋል። ማመንጫው በካርታው ላይ ከሌለ ፎቶግራፉ ከ1964 በፊት የተነሣ መሆኑን በበቂ እምነት መናገር ይቻላል። የጨረጨራው ሥራ ደግሞ ለእርስዎ ጉዳይ በተለይ ይጠቅማል፤ ከእርሱ በፊት ሐይቁ በራሱ ልክ ይፈስ ነበር፣ ከእርሱ በኋላ ግን ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት መጠን በሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ በኩል ውሃ ስለሚወስድ የፏፏቴው መልክም ተለውጧል። የ1950ዎቹን ፎቶ ከዛሬው ጋር ሲያወዳድሩ ይህን ከግምት ያስገቡ።

ቀደምት ምንጮችን በሚመለከት በቅርብ የሚገኘው በአየር ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተነሣው የአየር ፎቶ የዓባይን ተፋሰስ ሰፊ ክፍል ይሸፍናል፤ በ1982 የተነሣውም አለ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በመሬት አጠቃቀም ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሁለቱን ደጋግመው ተጠቅመውባቸዋል። ከእነዚህ የሚቀድመው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ያነሡት ነው። ይህ ስብስብ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ኤጀንሲው መጋዘን ተገኝቶ በተመራማሪዎች ተመዝግቧል፤ ብዛቱ 8,281 ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ የእንጨት ክርታስ ሲሆን፣ አራት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተለጥፈውበታል፤ አንዱ በቀጥታ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ዘመም ብለው፣ አራተኛው በይበልጥ አግድም ሆኖ የተነሡ ናቸው። አግድም የተነሣው እስከ አድማስ ስለሚያሳይ ለልኬት አይመችም፤ የተራራና የገደል ቅርጽ ለመለየት ግን ከሁሉም ይሻላል። አጠቃላይ የአገሪቱን ክፍል አይሸፍንምና ጽሑፍዎን ሳይጀምሩ የበረራ መስመሩ በእርስዎ አካባቢ ማለፉን ያረጋግጡ።

ከፎቶግራፍ በፊት ያለው የሰው እግርና የበቅሎ ኮቴ የሠራው ነው። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 ድረስ ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን እየለካ ተዘዋውሯል። በጣና ላይ ሊሠራ ታስቦ የነበረውን ግድብ በሚመለከት ዱፑዊ እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903፣ ግራብሃምና ብላክ ደግሞ በ1920 እና 1921 ሐይቁን አጥንተዋል። የዓባይን በረሃ በሚመለከት ግን መጀመሪያ ሊፈልጉት የሚገባ እንግሊዛዊው ቆንስል ቺስማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ተቀምጦ፣ የወንዙን መንገድ ከአፋፍ እየተከታተለ፣ ወደ በረሃው እየወረደና እየወጣ መዝግቦታል፤ ከእርሱ በፊት በታተሙ ካርታዎች ላይ የወንዙ ረጅም ክፍል በግምት በነጠብጣብ መስመር ይሣል ነበር። ከዚያ በኋላ ጆቶ ዳይኔሊ የመራው የጣሊያን የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1937 ጣናን መርምሯል፤ የሐይቁን ጥልቀት የሚያሳይ ካርታም ከዚያው ሥራ ወጥቷል። የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህን ያህል ጠፍጣፋ ሐይቅ ዳርቻው የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ በየትኛው ወር የሚለውን ይጨምራል።

ከፍታን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ የቆዩ ጽሑፎችና ካርታዎች ላይ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,830 ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል፤ ትክክለኛው ወደ 1,786 ሜትር ይጠጋል። መንገደኞች ከፍታን የሚለኩት ውሃ በሚፈላበት የሙቀት መጠንና በአየር ግፊት ስለነበረ፣ በአንድ ቦታ የተሳሳተው ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተላልፎ ቆይቷል። በእርግጥ ሐይቁ በ44 ሜትር አልወረደም። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ስላጋጠመኝ ነው።

የዘጌ ጀልባ መለሰ፦

መምህርት ስለ ወሩ ያሉት ለእኛ ሐይቁ ላይ ለምንውል ሰዎች የዕለት ኑሮ ነው። በክረምት ማብቂያና በግንቦት መካከል የውሃው ከፍታ በሜትር ከመንፈቅ ገደማ ይለያያል። ቋጥኝ ባለበት በዘጌና በደሴቶቹ ዙሪያ ይህ ለውጥ ብዙም አይታይም። በፎገራና በደምቢያ በኩል ግን ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ ሰፊ መሬት ይገለጣል፤ ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ ያርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አጋማሽ ሐይቁ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ባለበት ጊዜ ትልልቆቹ ጀልባዎች ወደቡን መጠጋት አቅቷቸው ነበር። በዚያ ወቅት የተነሣ የሳተላይት ምስልን ለማመሳከሪያ ቢወስዱት ሐይቁ በአንድ ትውልድ ውስጥ የተቆረሰ ያስመስልዎታል።

ሁለተኛው ነገር አረንጓዴው ነው። ደንገል የበቀለበት ዳርቻ በቆየው ፎቶ ላይ ደረቅ መሬት ይመስላል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ ደግሞ በዛሬው ምስል ላይ እንዲሁ መሬት ይመስላል። እምቦጭ በነፋስ ከቦታ ቦታ ስለሚሄድ ሁለት ምስል በተለያየ ወር ወስደው ያነጻጽሩ፤ ተንቀሳቅሶ ካገኙት ዳርቻ አይደለም። ለዳርቻው መነሻ ክብራን ገብርኤልን፣ እንጦስ ኢየሱስንና የዘጌን ጫፍ ይያዙ፤ ደብረ ማርያም ግን ዓባይ በሚወጣበት ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነች ዙሪያዋ እንደ ውሃው ይለዋወጣል።

ጣና ዳር መለሰ፦

ጋሽ ቀያሽ፣ መምህርት፣ የዘጌው ወንድሜ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሺቱን በ20137 አስሬ፣ ለኢትዮጵያ በተዘጋጀው ቀመር ስለውጠው በገደሉ ውስጥ ሰማያዊው መስመር ውሃው ላይ አረፈ። የሰባራ ድልድይ ምሰሶዎችም በምልክቱ ላይ ወደቁ። የጉማራ ልዩነት ግን አልተነካም፤ ወንዙ በሜዳው ላይ ጥምዝምዙን ለውጦ፣ አፉ ላይ ያለው የደለል ምላስ ወደ ሐይቁ ገፍቶ ይታያል። ይህን ከእንግዲህ በጽሑፌ ውስጥ እንደ ለውጥ አስገባዋለሁ።

የቀሩኝ ሁለቱ የውጭ ካርታዎች ናቸው። የሶቪየቱ በየትኛው ዳተም ነው? የጣሊያኑስ በምን ያህል ሊታመን ይችላል?

ጡረተኛው ቀያሽ መለሰ፦

የሶቪየቱ ፑልኮቮ 1942 በሚባለው ዳተምና በክራሶቭስኪ ስፌሮይድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ግሪዱ ጋውስ ክሩገር ዞን 7 ነው። የመሀል መስመሩ እንደ እኛው 39 ዲግሪ ቢሆንም ቁጥሩ በ7 ስለሚጀምር ከዩቲኤም ጋር አይምታታብዎት። የሺቱ ስም በ«ሲ 37» ይጀምራል፤ ከ12 ዲግሪ በላይ ያለው «ዲ 37» ይሆናል። ካርታውን ለቦታ ልኬት እንዲጠቀሙበት አልመክርም፤ ለውጭ አገር የተሠሩት ከሌሎች ካርታዎችና ምስሎች የተጠናቀሩ ናቸው። ለሌላ ነገር ግን ይፈልጉታል፤ ወንዙ አጠገብ በክፍልፋይ መልክ የተጻፉት ቁጥሮች ከላይ ስፋቱን፣ ከታች ጥልቀቱን፣ ጎኑ ላይ ያለችው ፊደል የወለሉን ዓይነት ያሳያሉ፤ ቀስት ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የፍሰቱን ፍጥነት። መሻገሪያዎችንም ይለያል። በብዙ ሺቶች ጀርባ ላይ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙና ስለ አየሩ ረዘም ያለ ማብራሪያ ታትሟልና ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው ካገኙ ጀርባውንም ያስነብቡ።

በጣሊያኑ ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 400 ሜትር ነው፤ የወንዙ መስመር ውፍረት ብቻውን እስከ 200 ሜትር ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ የጉማራን ጥምዝምዝ ከእርሱ ላይ ለመለካት አይሞክሩ። ዳተሙን ለማግኘትም አይድከሙ፤ ከ1:50,000ው ላይ የሚያውቋቸውን ገደላማ ቦታዎችና ደሴቶች እያመሳከሩ አስረው፣ ስህተቱን በየነጥቡ ይመዝግቡ። የካርታው ጥቅም መንገዶቹና ገበያዎቹ ላይ ነው፤ የበቅሎ መንገዱ ዓባይን የት የት እንደሚሻገር፣ ወደ ሞጣ የሚወጣው ከየትኛው መልካ እንደሚነሣ በዚያ ዘመን እንደነበረ ያሳያል። እነዚህን መልካዎች በሶቪየቱ ላይ ካሉት መሻገሪያዎች ጋር ያመሳክሯቸውና በሁለቱም ላይ የሚገኙትን ወደ 1:50,000ው ያዛውሯቸው።